ባለ ሁለት ባንድ የዋይፋይ ራውተር አሠራርና አጠቃቀሙ በጅማ ቤቶች

ባለ ሁለት ባንድ ራውተር በአንድ አካል ውስጥ ሁለት የሬዲዮ ክፍሎችን የያዘ መሣሪያ ሲሆን፣ አንደኛው በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሌላው በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራል። በመስመር እስከ ቤት የመጣውን ኢንተርኔት ተቀብሎ በሁለቱም ባንዶች (የሬዲዮ ሞገድ ክልሎች) በአንድ ጊዜ ለስልክ፣ ለላፕቶፕና ለቴሌቪዥን ያከፋፍላል፤ የመስመሩን ፍጥነት ግን አይጨምርም። በአንዳንድ የዋይፋይ ስሞች መጨረሻ የሚታየው «5ጂ» የሚለው ቅጥያም የ5 ጊጋኸርዝ ባንድን ለመለየት የሚሰጥ እንጂ ከአምስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የ5 ጊጋኸርዙ ደግሞ ከዚያ በግማሽ ያህል ያጥራል፤ ግድግዳ ሲያቋርጥም ይበልጥ ይዳከማል። ይህ ልዩነት በጅማ ጎልቶ የሚታየው ዋናው ቤት ከፊት፣ ማዕድ ቤቱና የሚከራዩት ሰርቪስ ክፍሎች ከጓሮ በሆኑባቸው ግቢዎች ነው። ሳሎን ውስጥ በ5 ጊጋኸርዝ ያለችግር ቪዲዮ የሚያይ ሰው፣ ጓሮ ካለው ክፍል ሲደርስ ምልክቱ ይጠፋበታል፤ በዚያ ርቀት የተሻለ የሚደርሰው 2.4ቱ ነው። ውኃ የሬዲዮ ሞገድን ስለሚውጥ በክረምት እርጥበት የያዘ የጭቃ ግድግዳ ያዳክመዋል፤ የብረት በርና ቆርቆሮ ደግሞ መልሰው ያንጸባርቁታል።

ሆኖም ሩቅ መድረስ ብቻውን በቂ አይደለም። በ2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ ሳይደራረቡ አብረው መሥራት የሚችሉት በተለምዶ ሦስት ቻናሎች (የባንዱ ንዑስ ክፍሎች)፣ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ብሉቱዝና ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚሁ ባንድ ይሠራሉ። በኮንዶሚኒየም፣ ወይም ተማሪዎች ተጠጋግተው በተከራዩበት በዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ ብዙ ራውተሮች በእነዚህ ቻናሎች ላይ ተራ ይጠባበቃሉ። «ኔትወርኩ ተጨናንቋል» ሲባል ጥፋቱ ሁልጊዜ የመስመሩ አለመሆኑን ማወቅ፣ በእኔ እምነት፣ ብዙ ከንቱ ወጪ ያድናል። 5 ጊጋኸርዝ ብዙ ቻናሎች ስላሉት፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የዋይፋይ ደረጃ እስከ 80 ሜጋኸርዝና ከዚያም በላይ የሰፉ ቻናሎችን ስለሚጠቀም፣ በቅርብ ርቀት እጅግ ፈጣን ነው።

ለሁለቱ ባንዶች አንድ ስም ከተሰጠ ስልኩ፣ አንዳንዴም ከራውተሩ ጋር ተጋግዞ፣ ባንዱን ይመርጣል። የቆዩና ርካሽ ስልኮች ግን 2.4ቱን ብቻ ስለሚያዩ፣ አከራይና ተከራይ በሚጋሩት ግቢ ሁለት የተለያዩ ስሞችን መስጠት የተሻለ ነው። ራውተሩም ቡፌ ውስጥ ወይም ከቴሌቪዥን ጀርባ ከሚሸሸግ ይልቅ ከፍ ብሎ፣ ወደ ጓሮው በሚያይ መስኮት አጠገብ ቢቀመጥ ለሰርቪስ ክፍሎቹም ይደርሳል።