የበረራ ደህንነት መብራቶች፦ ከማማ አናት እስከ ማኮብኮቢያ

የአንቴና ማማ፣ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ፣ የግንባታ ክሬን፣ የንፋስ ተርባይን፣ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ። መሬት ላይ ላለ ሰው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። ለአብራሪ ግን ሁሉም መሰናክል ናቸው። መሰናክሉን ማንሳት ስለማይቻል እንዲታይ ይደረጋል። ቀን በቀይና ነጭ ቀለም፣ ሌሊት በመብራት፣ ሲብስም ቀንም ሌሊትም በመብራት።

የአብዛኞቹ አገሮች ደንብ መነሻው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) አባሪ 14 ነው። አባሪው መብራቶቹን በጉልበታቸው ለሦስት ይከፍላቸዋል። ከ45 ሜትር በታች ለሆነ ነገር በአብዛኛው አነስተኛው ይበቃል። እሱም ሳይቋረጥ የሚበራ ቀይ ሲሆን 10 ወይም 32 ካንዴላ (የብርሃን ጉልበት መለኪያ) ነው። ከ45 እስከ 150 ሜትር ድረስ መካከለኛው ይመጣል። ቀዩ 2,000 ካንዴላ ነው። ነጩ ቀን 20,000 ይደርሳል፣ ሌሊት ወደ 2,000 ይወርዳል። ብልጭ ድርግም የሚለው ዓይነት በደቂቃ ከ20 እስከ 60 ጊዜ ይበራል። ከ150 ሜትር በላይ ለቆመና ቀንም ከሩቅ መታየት ላለበት ነገር ደግሞ 200,000 ካንዴላ የሚደርስ ነጭ መብራት አለ።

ይሄ ትልቁ ነጭ መብራት ሲመሽ 20,000፣ ሲጨልም 2,000 ይሆናል። ቀንና ሌሊት መካከል የመቶ እጥፍ ልዩነት አለ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በፀሐይ ብርሃን ደካማ መብራት ጭራሽ አይታይም። የቀኑ ጉልበት ሌሊት ቢለቀቅ ደግሞ የአብራሪውን ዓይን ያጥበረብረዋል፣ አካባቢው ያለውንም ሰው እንቅልፍ ይነሳዋል። መብራት በዛ ማለት ደህንነት ጨመረ ማለት አይደለም። የዚህ ሙያ ዋናው ጥበብ ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል፦ ልኩን ማወቅ።

ከማማ ይልቅ አደገኛው ገመድ ነው። በተለይ ዝቅ ብሎ ለሚበር ሄሊኮፕተር። አብራሪው የኤሌክትሪክ ማማዎቹን አይቶ በመሃላቸው የተዘረጋውን ገመድ ላያይ ይችላል። ስለዚህ ገመዱ ላይ ዲያሜትራቸው ከ60 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ባለቀለም ኳሶች ይሰቀላሉ። ኳሶቹ የማይበቁበት ቦታ ማማዎቹ ላይ በሦስት ከፍታ ነጭ መብራት ይደረጋል። መጀመሪያ የመሃሉ ይበራል፣ ቀጥሎ የላዩ፣ በመጨረሻ የታችኛው። ቅደም ተከተሉ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። ያየው አብራሪ ፊቱ ያለው ብቻውን የቆመ ማማ ሳይሆን ገመድ ያለበት መስመር መሆኑን ይረዳል።

የንፋስ ተርባይን የራሱ ጣጣ አለው። መብራቱ የሚቀመጠው ጄኔሬተሩን በያዘው የአናቱ ሳጥን ላይ ነው። የክንፉ ጫፍ ግን ከዚያ በብዙ ሜትር ከፍ ብሎ ይዞራል። ስለዚህ የሚፈለገው መብራት ሲወሰን የሚለካው የሳጥኑ ከፍታ ሳይሆን ክንፉ የሚደርስበት ነው። በደርዘን የሚቆጠሩ ተርባይኖች አንድ ላይ ሲቆሙ እንደ አንድ ትልቅ መሰናክል ይታያሉ። የዳር ድንበራቸው በመብራት ይከበባል። ብልጭታቸውም በአንድ ጊዜ መሆን አለበት። እያንዳንዱ በየፊናው ቢበራና ቢጠፋ አብራሪው የተርባይኖቹን ስብስብ ቅርጽ መለየት ይቸገራል።

የአካባቢው ነዋሪ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቀይ ብልጭታ እያየ ማደሩ ያማርራል። እውነቱን ነው። አውሮፕላን በሌለበት ሰማይ ያ ሁሉ መብራት የሚያገለግለው ሰው የለም። መፍትሄው አውሮፕላን ሲቀርብ ብቻ የሚበራ መብራት ነው። ራዳር ወይም ከአውሮፕላኑ የሚወጣ ምልክት ተቀባይ መሣሪያ መቅረቡን ያውቅና መብራቱን ያበራል። በአሜሪካ ደንብ አውሮፕላኑ በጎን 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳይደርስ መብራቱ በርቶ መገኘት አለበት። የሰሜን ዳኮታ ግዛት ይህን እ.ኤ.አ. በ2017 በሕግ አስገድዷል። ጀርመንም አስገድዳለች፣ ብዙ ጊዜ የተራዘመው የጊዜ ገደብም እ.ኤ.አ. በ2025 መግቢያ ላይ አብቅቷል። ዋጋ ቢያስወጣም ከዚህ የተሻለ እርቅ በነዋሪውና በአብራሪው መካከል አላውቅም።

ወፎችም የዚህ ታሪክ አካል ናቸው። ደመናማ በሆነ ሌሊት የሚሰደዱ ወፎች ሳይቋረጥ በሚበራ ቀይ መብራት ይሳባሉ። ማማውን እየዞሩ ከወጠሩት ሽቦዎች ጋር ይላተማሉ። በሚሺጋን የተደረገ ጥናት የማይቋረጡት መብራቶች ጠፍተው ብልጭ ድርግም የሚሉት ብቻ ሲቀሩ ሞቱ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የአሜሪካ ደንብም ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል። አብራሪው ምንም ሳይጎድልበት የብዙ ወፍ ሕይወት ተረፈ።

አውሮፕላን ማረፊያ ስንገባ ቀለሙ ትርጉም ይይዛል። የማኮብኮቢያው ዳር ነጭ ነው፣ በመጨረሻዎቹ 600 ሜትር ገደማ ቢጫ ይሆናል። መግቢያው አረንጓዴ፣ መጨረሻው ቀይ ነው። የመሃል መስመሩ መጨረሻው 900 ሜትር ሲቀር ቀይና ነጭ ይፈራረቅበታል፣ 300 ሜትር ሲቀር ጭራሽ ቀይ ብቻ ይሆናል። አውሮፕላኑ ወደ ማኮብኮቢያው የሚሄድበት ታክሲዌይ ዳሩ ሰማያዊ፣ መሃሉ አረንጓዴ ነው። ፓፒ የሚባሉት አራት መብራቶች ደግሞ ለሚያርፈው አብራሪ ከፍታውን ይነግሩታል። እያንዳንዱ ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀይ ጨረር ይለቃል። ሁለት ነጭ ሁለት ቀይ ካየ ልክ ነው። አራቱም ነጭ ከሆኑ ከፍ ብሏል። አራቱም ቀይ ከሆኑ በጣም ዝቅ ብሏል።

የኤሌክትሪክ አሠራሩም ከቤታችን ይለያል። መብራቶቹ በአንድ ረጅም ዑደት በተከታታይ ይያያዛሉ፣ ከፍተኛው ጅረት በአብዛኛው 6.6 አምፔር ነው። ስለዚህ ቅርቡም ሩቁም መብራት እኩል ይደምቃል። እያንዳንዱ አምፖል የራሱ ትራንስፎርመር ስላለው አንዱ ሲቃጠል ሌሎቹ አይጠፉም።

የመብራት ክፍተት ምን ሊያስከትል እንደሚችል በታይፔ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2000 የሲንጋፖር አየር መንገድ በረራ 006 በሌሊት፣ በኃይለኛ ዝናብ፣ ለግንባታ በተዘጋ ማኮብኮቢያ ለመነሳት ሞከረ። ከግንባታ ማሽኖች ጋር ተጋጭቶ ከ179 ሰዎች 83ቱ ሞቱ። አብራሪዎቹ ምልክቶችን ማጣራት ነበረባቸው። ነገር ግን ወደ ትክክለኛው ማኮብኮቢያ የሚመሩት አረንጓዴ መብራቶች የተራራቁ ነበሩ፣ ከእነሱም አንደኛው አይበራም ነበር። ወደ ተዘጋው የሚወስዱት ግን ጥርት ብለው ይታዩ ነበር።

ለዚህ ነው ጥገና ላይ ቀልድ የሌለው። በጭጋግ ለሚታረፍባቸው ማኮብኮቢያዎች ኢካኦ ከመሃልና ከዳር መብራቶች 95 በመቶው እንዲሠራ ይጠብቃል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት መብራቶችም አብረው መጥፋት የለባቸውም። ማረፊያ ውስጥ ይህን የሚከታተል ባለሙያ አለ። ሩቅ ኮረብታ ላይ ያለ የአንቴና ማማ ግን የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። በአሜሪካ የአናቱ ብልጭታ ከ30 ደቂቃ በላይ ከጠፋ ባለቤቱ ወዲያው ማሳወቅ አለበት። ከዚያ ኖታም የሚባለው ማስጠንቀቂያ ለአብራሪዎች ይወጣል። ብዙ ባለቤቶች ዛሬ መብራቱን በርቀት የሚከታተል መሣሪያ ይገጥማሉ። ያልገጠመ ደግሞ ቢያንስ በየ24 ሰዓቱ ሰው ልኮ ወይም ራሱ ሄዶ ማየት ይጠበቅበታል።