ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በኢትዮጵያ፦ ሕክምናን አስወደደ ወይስ አረከሰ?

ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በግብርና፣ በጉሊትና በመሳሰሉት ሥራዎች ለሚተዳደሩ፣ ደሞዝ ለሌላቸው ቤተሰቦች የተዘጋጀ የመዋጮ ሥርዓት ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ያዋጣል። ሲታመም ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ደብተሩን ያሳያል፣ ካርድ ያወጣል፣ ይመረመራል፣ መድኃኒቱን ይዞ ይወጣል። ኪሱ አይነካም። ሠራተኞቹ «ማአጤመ» ይሉታል፣ ሰፈር ውስጥ ግን በቃ «ጤና መድን» ነው። በአማርኛ ስለሱ የሚገኘው ጽሑፍ በአብዛኛው ይህን ያህል አባወራ ታቀፈ የሚል የስብሰባ ዜና ስለሆነ፣ «መድን ከመጣ ወዲህ ሕክምና ተወደደ» የሚለውን ወሬ የሚያጣራ ሰው የሚያነበው ነገር አያገኝም። እዚህ ያለውን ለማሰባሰብ ሞክሬያለሁ።

ከመድኑ በፊት

በ1990 ዓ.ም. የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ ወጣ። ከዚያ ተነስቶ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ከታካሚ የሚሰበስቡትን ገንዘብ ለራሳቸው አስቀርተው መድኃኒትና ዕቃ እንዲገዙበት ተፈቀደ። ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ ሕክምና በነፃ ሆኑ። ለሌላው ግን እጅ በእጅ ይከፈላል። በአገሪቱ ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ሲሶ ያህሉ በቀጥታ ከታካሚው ኪስ ይወጣ ነበር። ገጠር ውስጥ ይህ ማለት በግ መሸጥ፣ ሲብስም በሬ መሸጥ ነው። እድር ቢኖርም ዋና ሥራው ቀብር ነው፤ አንዳንዱ ለታመመ ያበድራል፣ የሚበደረው ግን መልሶ መክፈል አለበት።

አሥራ ሦስቱ ወረዳዎች

መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሙከራ ተጀመረ። ወረዳዎቹ በስም ሊታወሱ ይገባል፣ ምክንያቱም ዛሬ አገር ሙሉ የሚጠቀምበት አሠራር የተፈተነው እነሱ ዘንድ ነው። ከአማራ ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ፤ ከኦሮሚያ ግምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ፤ ከትግራይ አሕፈሮም፣ ክልተ አውላዕሎና ታሕታይ አድያቦ፤ ከደቡብ ደግሞ ዳምቦያ፣ ዳሞት ወይዴና ይርጋለም ነበሩ።

መዋጮው ያኔ ትንሽ ነበር። በትግራይ ለአንድ ቤተሰብ በዓመት 132 ብር፣ በኦሮሚያ 180፣ በደቡብ 126፤ በአማራ ደግሞ በሰው በወር 3 ብር። በዚህ ላይ የፌዴራል መንግሥት 25 በመቶ ይጨምር ነበር። መክፈል የማይችሉት የደሃ ደሃዎች በቀበሌያቸው ተለይተው ክልልና ወረዳ ይከፍሉላቸዋል።

የምዝገባው ሕግ በደንብ ታስቦበታል። የሚመዘገበው ቤተሰቡ በሙሉ ነው፤ የታመመውን ልጅ ብቻ አስመዝግቦ ጤነኞቹን መተው አይቻልም። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው የሕመምተኛ መዋጮ ብቻ ይሆንና በሁለት ዓመት ባዶ ይቀር ነበር። ምዝገባውና እድሳቱም አዝመራ ተሰብስቦ ገበሬው እጅ ላይ ብር በሚኖርበት ወቅት ይደረጋል። ሌላው ሕግ ደረጃ መጠበቅ ነው፦ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል። ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ወጪውን በግማሽ ይጋራል።

በመጀመሪያው ዓመት ከቤተሰቦቹ 41 በመቶ ገደማ ገቡ፣ በሁለተኛው 48 በመቶ ደረሱ። በፈቃደኝነት ለሚገባበት የአፍሪካ መድን ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ቀበሌ ጫና አድርጎ ነው የሚሉ አሉ፣ አንዳንድ ቦታ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከገቡት ውስጥ ከአምስቱ አራቱ በማግሥቱ ዓመት መልሰው አሳደሱ፤ ያልጠቀመውን ነገር ገበሬ በገንዘቡ ደግሞ አይገዛም።

ከሙከራው በኋላ ወደ 161 ወረዳዎች ተስፋፋ፣ አሁን ከ1,000 በላይ ወረዳዎች ይሠራል።

ታዲያ አስወደደው?

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄ ተደባልቆ ነው ክርክሩ የሚጦፈው። አንዱ የታካሚው ኪስ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የሙከራ ወረዳዎቹን የተከታተለ ጥናት በመድን የታቀፉት ሰዎች የመንግሥት ጤና ተቋም የሚሄዱበት ጊዜ ከ45 እስከ 64 በመቶ እንደጨመረ፣ ለአንድ ጊዜ ሕክምና ከኪሳቸው የሚያወጡት ደግሞ ቢያንስ በ56 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ለአባሉ ረክሷል፣ በዚህ የሚያከራክር ነገር የለም።

ሁለተኛው ጠቅላላ ወጪው ነው። እሱ ጨምሯል፣ መጨመርም ነበረበት። ድሮ ቤቱ ተኝቶ በዳማከሴና በፌጦ የሚያልፈው ሰው አሁን ጤና ጣቢያ ይመጣል፤ መርፌ፣ ላብራቶሪ፣ አልጋ ሁሉም ገንዘብ ነው። ይህን ብክነት የሚሉ ባለሙያዎች ሲያጋጥሙኝ አዝናለሁ። ሳንባ ምች የያዘው ሕፃን በሰዓቱ መታየቱ ብክነት አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ለአረጋውያን የሚሆነው ሜዲኬር በ1965 እ.ኤ.አ. ሲታወጅ በአምስት ዓመት ውስጥ የሆስፒታል ወጪ በ37 በመቶ ከፍ እንዳለ አንድ የታወቀ ጥናት ገምቷል፣ ምክንያቱም ገንዘቡ እንደሚመጣ ያወቁ ሆስፒታሎች አዳዲስ ማሽንና ክፍል ጨመሩ። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ1970ዎቹ በጀመረው ሙከራ ደግሞ ከፍተኛ ድርሻ ከኪሳቸው የከፈሉት በነፃ ከታከሙት በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ አስወጥተዋል። እዚያ የግል ሆስፒታሉ ከግል መድን ድርጅቱ ጋር ተደራድሮ ዋጋውን ይወስናል። እኛ ጋ መድኑ የሚዋዋለው በዋናነት ከመንግሥት ተቋማት ጋር ነው፣ የካርድና የምርመራ ታሪፉም በመንግሥት ይወሰናል። ስለዚህ መድን ስለመጣ ብቻ ጤና ጣቢያው የደም ምርመራውን ዋጋ በራሱ ፈቃድ እጥፍ ሊያደርገው አይችልም።

አንድ ክፍተት ግን አለ። ክፍያው በተሰጠው አገልግሎት ልክ ነው፦ ብዙ ያዘዘ ብዙ ያስከፍላል። ጋና በ2003 እ.ኤ.አ. መድኗን ስትጀምር በዚህ ዓይነት ክፍያ ገባችበት፣ ወጪው ሲያይል በ2008 በበሽታው ዓይነት ወደተተመነ ክፍያ ዞረች። የእኛም ወደዚያ መሄዱ አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

«የለም፣ ውጭ ግዙ»

«ተወደደ» የሚለው ስሜት በአብዛኛው የሚመጣው ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። ጤና ጣቢያው በየሩብ ዓመቱ የአባላቱን ማዘዣ ደምሮ ለወረዳው መድን ጽሕፈት ቤት ይልካል። እዚያ ያሉ ጥቂት ሠራተኞች ማዘዣውን ከደብተር ቁጥሩ፣ ምርመራውን ከበሽታው ጋር እያመሳከሩ ያጣራሉ። ይህ ቶሎ ካላለቀ ክፍያ ይዘገያል፤ ክፍያ ሲዘገይ ጤና ጣቢያው ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚገዛበት ያጣል፤ መደርደሪያው ይራቆታል። ያኔ ፋርማሲስቱ ማዘዣው ላይ «የለም» ብሎ ይመልሳል። አባሉ ዓመታዊውን ከፍሎ ሳለ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ሄዶ ገበያው በጠራው ዋጋ ይገዛል። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባው መድኃኒት አብሮ ወጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ከከነማ የመንግሥት መድኃኒት ቤቶች ጋር ውል መገባቱ ይህን ክፍተት በተወሰነ ደረጃ ደፍኗል፤ ወረዳ ከተማ ላይ ግን እንዲህ ያለ አማራጭ በቀላሉ አይገኝም።

ደሞዝተኛው

ለመንግሥትና ለግል ድርጅት ሠራተኞች የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድን መጀመሪያ በአዋጅ 690/2002 ተደንግጎ ነበር፤ መዋጮውም 3 በመቶ ከሠራተኛው ደሞዝ፣ 3 በመቶ ከአሠሪው እንዲሆን ታሰበ። ሠራተኛው ከደሞዙ በሚቆረጠው አጉረመረመ፣ የመጀመሪያው ቀን በተደጋጋሚ ተራዘመ፤ ደሞዝ የሌለው ገበሬ ግን ለዓመታት በራሱ መዋጮ ሲታከም ቆይቷል።