በጎጃም ለሕፃናት መምህራንና ሞግዚቶች የሚሰጥ የዓውደ ዓመት ስጦታ

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራ፣ በሞጣና በሌሎች የጎጃም ከተሞች ልጆቻቸውን በሕፃናት ማቆያ ወይም በአፀደ ሕፃናት የሚያውሉ ወላጆች ዓውደ ዓመት ሲደርስ ለመምህራንና ለሞግዚቶች ስጦታ የመስጠት ልማድ አላቸው። ስጦታው አንዳንዴ አንድ ኪሎ ቡና፣ አንዳንዴ ነጠላ፣ አንዳንዴም የክፍሉ ወላጆች በጋራ ያዋጡት ገንዘብ ነው። በማንኛውም ደንብ አልተጻፈም፤ ሆኖም ምን እንደሚሰጥ፣ መቼ እንደሚሰጥና ማን እንደማይዘለል የሚወስኑ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ወጎች አሉት።

የልማዱ ሥር ከዘመናዊው መዋለ ሕፃናት የራቀ ነው። ጎጃም እንደ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች የታወቀ አገር በመሆኑ፣ መምህርን ማክበርና ማኖር የወላጅ ግዴታ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ልጁ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን አልፎ ዳዊት ሲደግም ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ይደግሳሉ፤ የኔታም ይመርቃሉ። በፋሲካ ለክርስትና አባትና ለአማት አክፋይ የሚባለውን የበዓል ስጦታ ይዞ የመሄድ ወግም ከዚሁ ጋር የሚዛመድ ነው። የዛሬው ወላጅ ለልጁ መምህርት ቡናና ስኳር ሲይዝ አዲስ ነገር እየፈጠረ አይደለም ማለት ይቻላል፤ አዲስ የሆነው ሕፃኑ ገና መናገር ሳይጀምር ለባዕድ እጅ መሰጠቱ ነው።

ለዚህም ምክንያቱ የእናቶች የሥራ ሁኔታ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ስለሆነ፣ ብዙ እናቶች ጨቅላ ልጃቸውን ለሌላ ሰው ትተው ወደ ሥራ ይመለሳሉ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፤ በከተሞች የግል ማቆያዎችም አሉ። ከፍ ያሉት ልጆች ወደ አፀደ ሕፃናት ወይም በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ወዳለው የዜሮ ክፍል ይገባሉ። በገጠር ስጦታው በዚህ መልክ ብዙም አይታይም፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸው ደግሞ በከተሞችም ቢሆን የብዙዎችን ትምህርትና የብዙ መምህራንን ኑሮ አናግቷል።

ከዓመቱ በዓላት መካከል ለስጦታ የሚመቸው ገና ነው። እንቁጣጣሽ የበዓላት ሁሉ ደማቅ ቢሆንም የሚውለው ትምህርት ሊከፈት ሲል ስለሆነ፣ ወላጅ ለመዋያና ለመመዝገቢያ፣ ለደንብ ልብስና ለምሳ ዕቃ ገንዘቡን የሚጨርስበት ጊዜ ነው፤ አዲሷን መምህርትም ገና አላወቃትም። መስከረም ለገበሬው ጎተራ የሚሳሳበት ወር መሆኑም አይዘነጋም። ገና ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። አደይ አበባን ተከትሎ በጥቅምትና በኅዳር የተቆረጠው ማር ገበያ ላይ ነው፤ አዲሱ ጤፍ እየተወቃ ነው፤ የቡሬ በርበሬ ደርቆ ይሸጣል። ገጠር ዘመድ ያለው ወላጅ በዚህ ወቅት የሚሰጠው አያጣም። ከሦስት ወር በላይ አብረው ስለቆዩም መምህርቷ ባለትዳር ትሁን ብቻዋን የምትኖር፣ ቤት ተከራይታ ትሁን ከወላጆቿ ጋር፣ ወላጅ ያውቃል፤ ስጦታ የሚመረጠውም በዚህ ዕውቀት ነው።

የሚበላ ስጦታ ሲመረጥ ጾም ይታሰባል። ገናን የሚቀድመው የነቢያት ጾም፣ ፋሲካን የሚቀድመው 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም በመሆኑ፣ ማቆያው ለበዓል ከመዘጋቱ በፊት የሚሰጥ ነገር እስከ ዋዜማው ሳይበላሽ መቆየት አለበት። ክሬም ያለበት ኬክ በጾም ላለች መምህርት መስጠት ልጆች እንዲበሉት መስጠት ነው። በደንብ የነጠረ ቅቤ ግን ይቆያል፤ ለፋሲካ ዶሮ ወጥም በትክክል ይደርሳል። የዘጌ ቡና ከጣና ዳር የሚመጣ የአካባቢው ምርት ነው፤ ጾም አይፈታም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ እንግዳ ለሚበዛበት ቤትም ይጠቅማል፤ እንደ እኔ እምነት ከሚበሉና ከሚጠጡ ስጦታዎች የሚበልጠው የለም። ጤፍም ከአዴት ወይም ከቢቸና አካባቢ ተገዝቶ በጋራ ሲሰጥ ከልብ የሚያስደስት ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ግን ወጪው ይከብዳል። ማር ሲሰጥ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር መቅመስ የለበትም፤ ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ ሊያስከትልበት ይችላል። ስለዚህ ማሩ በማቆያው የሚከፈት ሳይሆን ወደ መምህርቷ ቤት የሚሄድ መሆኑን መናገር ተገቢ ነው። ለክፍል በዓል የሚመጣ ፈንድሻና ቆሎም ለትንንሾቹ ጉሮሮ አደገኛ ነው።

ከልብስ ወገን ነጠላና ሻሽ ይመረጣሉ፤ ልክ አይጠይቁም፣ ለቤተ ክርስቲያንም ለልቅሶም ይለበሳሉ። ጫማና ቀሚስ በግምት መግዛት ግን ብዙ ጊዜ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ከእንጅባራ አካባቢ የሚመጣ የቀርቀሃ ሥራ ለቤት ዕቃነት መልካም ነው። በየዓመቱ የሚደጋገመው የሻይ ብርጭቆና የግድግዳ ጌጥ ግን ሊታሰብበት ይገባል፤ ሃያ ልጆችን የምታስተምር ሴት ከሃያ ቤት ብርጭቆ ብትቀበል የት ታስቀምጠዋለች?

በብዙ ክፍሎች ወላጆች በቴሌግራም ተነጋግረው ያዋጣሉ። አንዲት እናት ተመርጣ መዋጮውን በቴሌብር ትሰበስባለች፤ የተሰበሰበው በፖስታ ይሰጣል ወይም ዕቃ ይገዛበታል። ይህ መንገድ ከተናጠል ስጦታ የሚሻልበት ዋና ምክንያት ልጆችን ከመበላለጥ ማዳኑ ነው። አንዱ ወላጅ የበግ ዋጋ፣ ሌላው ባዶ እጁን ሲመጣ መምህርቷም ልጁም ይሳቀቃሉ። ነገር ግን መዋጮው ራሱ ጫና እንዳይሆን መጠኑ ዝቅ ማለት፣ የሰጠና ያልሰጠ ሰው ስምም በቡድኑ ፊት አለመዘርዘር አለበት። ስም ዝርዝር የሚለጠፍበት መዋጮ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ክፍያ ሆኗል፤ ችግረኛ ወላጅንም ያሳፍራል።

በመንግሥት ተቋም ጥንቃቄው ይጨምራል። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራው ጋር በተያያዘ የማይገባ ጥቅም መቀበሉ የሚያስጠይቅ ነው። ዳቦ ወይም ቡና ከዚህ ተራ ባይሆንም፣ ትልቅ ገንዘብ በምዝገባ ወይም በውጤት ሰሞን መስጠት ሰጪንም ተቀባይንም ለጥርጣሬ ያጋልጣል። ስለዚህ ስጦታው በርእሰ መምህሩ ወይም በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ዕውቀት፣ በግልጽ ቢሰጥ ይመረጣል።

ሙስሊም መምህርት ባለችበት ክፍል ስጦታው በእርሷ በዓል፣ በኢድ አል ፈጥር ወይም በአረፋ፣ ይሰጣታል። በዓላቱ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚውሉ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብለው ይመጣሉና አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን እርድ ስለማይበላ ሥጋ አይላክም፤ ቡና፣ ስኳር፣ ቴምርና ልብስ ሁለቱንም ያስማማሉ።

አሰጣጡ ከዕቃው ያላነሰ ይታያል። ስጦታው ጠዋት ልጆች በሚራኮቱበት ሰዓት ሳይሆን ማታ ልጅ ሲወሰድ፣ በሁለት እጅ፣ «እንኳን አደረሰዎ» ተብሎ ይሰጣል፤ ወጣት ብትሆንም መምህርቷን አንቱ የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ልጁ በእጁ የሠራው ነገር ሲጨመርበት ደግሞ ደስታው ይበዛል። በእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች አበባና መላእክት ስለው ለየቤቱ የማደል ወግ ስላላቸው፣ ሕፃኑ የሞነጫጨረው የአደይ አበባ ሥዕል ለመምህርት መሰጠቱ ከአገሩ ባህል የወጣ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚረሱት ግን ዳይፐር የሚቀይሩት ሞግዚቶች፣ ምግብ የምታበስለው ሠራተኛና በር ላይ ልጆችን የሚቀበለው ጥበቃ ናቸው። ለመምህርቷ ብቻ ሰጥቶ ሞግዚቷን ማለፍ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ጨቅላውን ቀኑን ሙሉ ታቅፋ የምትውለው እርሷ ናት፣ ደመወዟም ብዙ ጊዜ ከመምህርቷ ያንሳል። በጋራ የሚያዋጡ ወላጆች መዋጮውን ከመጀመሪያው ለሁሉም ሠራተኞች ከፍለው ቢመድቡ፣ ለሞግዚቷም እንደ መምህርቷ በስሟ የተጻፈበት ፖስታ ይደርሳታል።