የወደቁትን መኮንኖች ስናስብ፦ ማዕረግን ከስም መለየት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰኔ 24 በስንክሳራችን የአባ ሙሴ ጸሊም መታሰቢያ ነው። በ1908 ዓ.ም. ይኸው ዕለት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጁላይ 1 ቀን 1916 ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ያን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የእንግሊዝ ጦር ጀርመኖችን ለማጥቃት በፈረንሳይ ሶም ግንባር ከምሽጉ ወጣ። በዚያ አንድ ቀን ብቻ ከ19,000 በላይ ወታደሮቹ አለቁ። ማሜትዝ ከምትባል መንደር ፊት ለፊት ከተሰለፉት አንዱ የዴቮንሻየር ሬጅመንት 9ኛ ሻለቃ ነው።

የዚህ ሻለቃ መኮንኖች ታሪክ በእንግሊዝ ደጋግሞ ይነገራል። ሻምበል ዱንካን ማርቲን የጦር ሜዳውን ቅርጽ በፕላስቲሲን፣ እንደ ጭቃ በሚቀረጽ ነገር ሠርቶ አጥንቶታል። ከጥናቱም ተነስቶ፣ ወታደሮቹ ማንሴል ኮፕስ የምትባለዋን ትንሽ ጫካ ሲያልፉ በመንደሩ መቃብር ካለው የስቅለት ምስል አጠገብ የተጠመደ መትረየስ እንደሚያጭዳቸው አስቀድሞ ተናገረ። ያለው ደረሰ፤ እርሱም እዚያው ወደቀ። የመቶ አለቃ ኖኤል ሆጅሰን የጳጳስ ልጅ፣ የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ሞትን እንዲችልበት አምላኩን የሚለምንበት የጸሎት ግጥሙ የታተመው ከመሞቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ያገለግለው የነበረው ወታደርም ከጎኑ ወድቆ ተገኘ ይባላል። ሰኔ 27 ቀን የጦሩ ቄስ ኧርነስት ክሮስ ሬሳዎቹን ለቀማ አስደርጎ፣ ያን ጠዋት ወጥተውበት በነበረው ምሽግ ውስጥ ቀበራቸው። በላዩም «ዴቮኖች ይህን ምሽግ ይዘው ነበር፤ ዛሬም እንደያዙት ናቸው» የሚል ጽሑፍ አቆመ። ዛሬ በቦታው 163 መቃብሮች አሉ። ከሁለቱ በቀር ሁሉም የ8ኛውና የ9ኛው ሻለቃ ሰዎች ናቸው። የአሥሩ ማንነት አይታወቅም።

እንግዲህ ትምህርቱ የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሻለቃ የጦር ውሎ መዝገብ መኮንን ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ በስሙ ይጽፈዋል፤ ተራው ወታደር ግን «ሌሎች ማዕረጎች» በሚል ርእስ ሥር ቁጥር ብቻ ሆኖ ይገባል። በዚያ ላይ የብዙዎቹ ተራ ወታደሮች የአገልግሎት ሰነድ በ1940 እ.ኤ.አ. ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ተቃጥሏል። የመኮንኖቹ ፋይል ግን በብዛት ተርፎ ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ስለዚህ «የወደቁ መኮንኖችን እናስብ» ስንል፣ ሳናስበው ቀድሞውኑ የታሰቡትን ብቻ ልናስብ እንችላለን። ሐዋርያው ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በክብር ቦታ አስቀምጠው ድሃውን «አንተ እዚያ ቁም» የሚሉትን የገሠጸው በሕያዋን ጉባኤ ነው፤ በሙታን መታሰቢያም ያው ፈተና አለ።

ይህን የተረዱ ሰዎች ያኔም ነበሩ። በ1917 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ለጀኔራልም ለተራ ወታደርም አንድ ዓይነት ድንጋይ ይቁም ብሎ ወሰነ፦ ቁመቱ 81 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 38። ሬሳ ወደ አገር ቤት መመለስም ተከለከለ፤ ምክንያቱም ማስመለስ የሚችለው ገንዘብ ያለው ብቻ ነበር። ብዙ ቤተሰቦች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ጉዳዩ በ1920 እ.ኤ.አ. በፓርላማ ሳይቀር አከራክሯል። የእናትን ልብ ላሰበ ሰው ተቃውሞው አይገርምም። እኛ ግን ውሳኔው ትክክል ነበር እንላለን። በትልልቆቹ መካነ መቃብሮች በሚቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ቃልም ከመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 44 የተወሰደ ነው፦ ስማቸው ለዘለዓለም ይኖራል። በሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ለምናምን ለእኛ ይህ የቤታችን ቃል ነው። ያው ምዕራፍ መታሰቢያ የሌላቸው እንዳሉም ይናገራልና እስከ መጨረሻው ይነበብ።

የአንድን ሻለቃ ሙታን ስም ለጸሎት ማሰባሰብ የሚፈልግ የኮሚሽኑን የስም መዝገብ በሬጅመንት፣ ከዚያም በሻለቃ ይፈልግ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍለጋውን በውጊያው ቀን ብቻ ሲወስነው ነው፤ ቆስለው ከሳምንት ወይም ከወር በኋላ ከግንባሩ ርቀው ባሉት የፈረንሳይ ከተሞች በሩዋን ወይም በኤታፕል ሆስፒታል የሞቱት ይቀራሉ። ቢያንስ ሁለት ወር ጨምሩበት። ከሌላ ሬጅመንት በውሰት መጥቶ ሲዋጋ የሞተ መኮንንም የሚመዘገበው በራሱ ሬጅመንት ስም ነው፤ ስለዚህ ስሙን ከጦር ውሎ መዝገቡ ጋር ማስተያየት ግድ ነው። መቃብር ያልተገኘላቸው ደግሞ በመታሰቢያ ግንብ ላይ ይፈለጋሉ። በሶም ዋናው ቲየፕቫል ሲሆን ከ72,000 በላይ ስሞች አሉበት። በድንጋዩ ግርጌ የቤተሰብ ቃል ባይኖር «የሚያስበው አልነበረም» አትበሉ። የተፈቀደው 66 ፊደል ብቻ ሲሆን ለእያንዳንዱም ሦስት ተኩል ፔኒ ይጠየቅ ነበር፤ በድህነት የተወ፣ ደብዳቤው ያልደረሰውም አለ።

ስሞቹ ሲነበቡ ማዕረግ ይውጣ፤ በፊደል ተራ ይሁን፤ ሻምበሉም አገልጋዩም እንደ ፊደላቸው ይጠሩ። ለ163 ሰው፣ ስም በሦስት ሴኮንድ ቢነበብ ስምንት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሰዓት አጠረን ብሎ መኮንኖቹን ብቻ ማንበብ ግን አይገባም። ከዚያ ይልቅ ስሙን ለሁለት እሑድ መክፈል ይሻላል።

ሰማዕታት ብላችሁም አትጥሯቸው። ሰማዕት ስለ ሃይማኖቱ የሞተ ነው። አባ ሙሴ ጸሊም በርበሮች ሲመጡበት ሰይፍ አላነሣም፤ አልሸሸምም፤ አስቀድሞ ሽፍታ ነበርና «ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ ይጠፋሉ» የሚለውን የጌታ ቃል በራሱ ላይ ተቀበለ። የማሜትዝ ወታደሮች ሰይፍ ይዘው የሞቱ ናቸው። ልናዝንላቸውና ምሕረትን ልንለምንላቸው እንችላለን፤ አክሊል ልናድላቸው ግን አንችልም። የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ስላልነበሩም ስማቸውን ለቅዳሴ ከመስጠታችሁ በፊት ካህኑን ጠይቁ። በግል ጸሎት «አቤቱ ማራቸው» ማለትን ግን የሚከለክል የለም። በመትረየሱ ጀርባ የነበሩትንም ጨምሩ፤ ከማሜትዝ ጎረቤት ፍሪኩር 17,000 ያህል ጀርመናውያን ተቀብረዋል።

ስማቸው ያልታወቀው አሥሩ ጋ ስትደርሱ «ስማቸውን የማናውቃቸው» ብላችሁ በአንድ ቃል አትለፏቸው። ጌታ የራሱ የሆኑትን ያውቃል ተብሎ ተጽፏልና፣ «እግዚአብሔር ስሙን የሚያውቀው» እያላችሁ አሥር ጊዜ ጥሩ።