የጉዳት ገማች የቅድመ ፈቃድ ትምህርትና ፈተና ምንድን ነው?

አዳማ የጅቡቲ መኪና የሚያልፍባት ከተማ ናት። ሲኖው፣ ተሳቢው፣ አይሱዙው፣ ባጃጁ አንድ አስፋልት ይሻማሉ። ስለዚህ ጋራዥ ሥራ አያጣም። ባለፈው ሳምንት እኔም ከጎረቤቴ ጋር አንዱ ጋራዥ ሄጄ ነበር። የእሱ አይሱዙ ከቆመ ተሳቢ ኋላ ገብቶበታል። ፓራውርቲው ተሰባብሯል፣ ኮፈኑ ተጨማዷል፣ ራዲያተሩ ውኃ ያንጠባጥባል።

ትንሽ ቆይቶ ከኢንሹራንስ የተላከ ወጣት መጣ። በስልኩ ፎቶ አነሳ። በርከክ ብሎ ሥሩን አየ። ከዚያ ማንም ልብ ወዳላለው የግራ ፓራፋንጎ ሄደና ቀለሙን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ነጭ ስቱኮ ብቅ አለ። ከስቱኮው ሥር ዝገት።

«ጋሼ፣ ይቺ እንኳን የቆየች ናት» አለ ፈገግ ብሎ። ጎረቤቴ መሬት መሬቱን አየ።

እንዲህ ያለው ባለሙያ የጉዳት ገማች ይባላል። ስሙ ገና አልረጋም። ቢሮ ውስጥ አሰሰር ወይም ሰርቬየር ይሉታል፤ ጋራዥ ውስጥ «ኢንጂነር» ካሉት ይበቃል። ጉዳቱ በምን እንደደረሰ ያጣራል፣ ውሉ ይሸፍነው እንደሆነ ያያል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ይጽፋል። ጎረቤቴ መኪናውን ወደ ሥራ የሚመልሰው ወይም ዘመድ አዝማድ ዘንድ ብድር የሚዞረው በዚያች ቁጥር ነው። ታዲያ ይህን ሰው ማን ፈተነው?

ቅድመ ፈቃድ ትምህርትና ፈተና የሚባለው እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ሰውየው ገማች ሆኖ መሥራት ከመጀመሩ በፊት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው ዝቅተኛ መመዘኛ ነው። ስንት ሰዓት ይማር፣ ምን ምን ይማር፣ ስንት ካመጣ አለፈ ይባል የሚለውን ይወስናል። እንደ መንጃ ፈቃድ አስቡት። ሾፌር ያደርጋችኋል ማለት አይደለም፤ መሪ ለመጨበጥ ግን ያለ እሱ አይቻልም።

በዚህ ነገር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፈተናው ስለ መኪና ስለሚመስለው ነው። ስለ መኪና ቢሆንማ የጋራዡ ዋና መካኒክ ይበቃ ነበር፤ የትኛውንም ኢንጂነር ቢያስንቅ አይገርመኝም። ፈተናው በአብዛኛው ስለ ውል ነው።

አንድ ሒሳብ እንሥራ። መኪናው ዛሬ 2 ሚሊዮን ብር ያወጣል። ባለቤቱ ለመድን የሚከፍለው አረቦን እንዲቀልለት 1 ሚሊዮን ብሎ መድን ገባ። 200 ሺህ ብር ጉዳት ደረሰ። ስንት ይከፈለው? መካኒኩን ብትጠይቁት 200 ሺህ ይላችኋል። የተማረው ገማች ግን መጀመሪያ ውሉን ይገልጣል። የመድን ሰዎች አቬሬጅ የሚሉት አንቀጽ ካለ፣ መድን የተገባው ለግማሹ ዋጋ ስለሆነ የሚከፈለውም የጉዳቱ ግማሽ ነው፤ 100 ሺህ። ከዚያም ላይ ባለመድኑ ራሱ የሚችለው ኤክሰስ ይቀነሳል። የመኪና ዋጋ በየዓመቱ በሚሰቀልበት አገር፣ ሳያስበው እዚህ ወጥመድ የሚገባው ብዙ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ንብረቱን ከዋጋው በላይ ያስመዘገበ ሰው ትርፍ አያገኝም። የ1952ቱ የንግድ ሕጋችን አንቀጽ 678 ካሣው ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ አይበልጥም ይላል። መድን ይክሳል እንጂ አያበለጽግም። በየትኛውም አገር የገማቾች ትምህርት ውስጥ ይህ መርህ አይቀርም። የጉዳቱ የቅርብ ምክንያት (ጉዳቱን በቀጥታ ያመጣው ነገር)፣ በውሉ የማይሸፈኑ ነገሮች፣ ሥነ ምግባር ደግሞ ይከተሉታል።

መመዘኛው ቁልጭ ብሎ የተጻፈበት አንዱ ቦታ የአሜሪካዋ ቴክሳስ ናት። ሁሉንም ዘርፍ የሚያሠራውን ፈቃድ የሚፈልግ ሰው የ40 ሰዓት ኮርስ ወስዶ የማጠቃለያ ፈተናውን በ70 በመቶ ካለፈ የግዛቷን ፈተና እንደገና መቀመጥ አይጠበቅበትም። አሻራም ይሰጣል። ፈቃዱን ለማደስ በየሁለት ዓመቱ 24 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት ይጠየቃል። እዚያው አሜሪካ ፔንስልቬንያ ብትሄዱ ግን ለመድን ኩባንያ የካሣ ጥያቄ የሚያጣራ ገማች ፈቃድ አይጠየቅም፤ ፈቃድ የሚጠየቀው የመኪና ጉዳት ዋጋ የሚተምነውና ለተጎጂው ወግኖ የሚከራከረው ነው። አንድ አገር፣ ሁለት ሕግ።

ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመታ ደግሞ ነገሩ ይላላል። በአንድ ሌሊት በሺዎች የሚቆጠር ጣሪያ ሲነሳ ገማች ስለማይዳረስ፣ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ፈተና ላልወሰዱ ሰዎች ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣሉ። ገማች በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት መመዘኛው ዝቅ ይላል ማለት ነው። እኔን ይህ አይጥመኝም፤ ግን ጣሪያው የተነሳበት ሰው ሦስት ወር ይጠብቅ ማለትም አይቻልም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 የጉዳት ገማችን ከወኪልና ከደላላ ጋር ፈቃድ ከሚያስፈልጋቸው የዘርፉ ባለሙያዎች ተርታ አስቀምጦታል። ፈቃድ ሰጪው ብሔራዊ ባንክ ነው። ጋራዥ የምናያቸው ብዙዎቹ ግን የመድን ኩባንያዎቹ የራሳቸው ቅጥር ሠራተኞች ናቸው። ሞያውን የሚማሩትም ከነባሮቹ ጋር እየዞሩ ነው።

እየዞሩ መማሩን አልንቅም። ስቱኮን በጥፍር ፈልጎ ማግኘት የትኛውም የምርጫ ጥያቄ አያስተምርም። ግን ዓይን ብቻውን ውል አያነብም። ነባሩ ገማች አቬሬጅን በስህተት ያሰላ ከነበረ ተተኪውም ስህተቱን ይወርሳል። በሁለቱም በኩል ተጎጂው አለ፤ አንዴ ባለመኪናው፣ አንዴ ኩባንያው።

ወጣቱ ጋራዡ ውስጥ ጽፎ ሲጨርስ ጎረቤቴ ጠጋ አለው።

«እሺ ልጄ፣ ስንት ሆነ?»

«ቁጥሩን አሁን አልነግርዎትም ጋሼ። ፓራፋንጎዋን ትቼያታለሁ፣ ሌላው በሙሉ አለ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ መኪናውን ስንት ብለው ነበር ያስመዘገቡት?»

ጎረቤቴ ኪሱን ዳበሰ፣ ከዚያ ጋቢናውን ከፍቶ ወረቀቱን መፈለግ ጀመረ።

«በገዛሁበት ነዋ» አለ ከውስጥ ሆኖ። «የዛሬ ስድስት ዓመት።»