የምግብ አለርጂ ምንድን ነው? ሽሮ የነፋት ነፍሰ ጡር ሁሉ የላትም

አሁን አሁን ጎንደር ውስጥ ሆዱ የነፋው ሁሉ «አለርጂ አለብኝ» ይላል። ለሌላው ሰው ይለፍ። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ጨርሶ የማትበላ ቪጋን ነፍሰ ጡር ስትለው ግን ማለፍ አልችልም። ሽሮ ነፋኝ ብላ ሽሮ ትተዋለች። ምስር ቃር ሰጠኝ ብላ ምስር ትተዋለች። ባቄላውም ይከተላል። በመጨረሻ በእንጀራ፣ በድንችና በጎመን ትቀራለች። ለእሷና ለጽንሱ ፕሮቲኑ ከየት ይምጣ?

አለርጂ የሰውነት መከላከያ ስህተት ነው። ሠርግ ቤት በር ላይ የቆመ ዘበኛ አስቡ። የተጠራውን እንግዳ ሌባ ነው ብሎ ይጮሃል፣ ዱላ ያነሳል። እንግዳው አንድ ብቻ ቢሆንም ግርግሩ ያው ነው። ለዚህ ነው እውነተኛ አለርጂ ያለባትን ሴት ትንሽ ሰሊጥ እንኳ ሊጥላት የሚችለው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። ገላ ሽፍ ይላል፣ ያሳክካል፣ ከንፈር ያብጣል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስ ካዞረ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። የመተማ ሰሊጥ በየቤታችን ስላለ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

የሽሮው ነገር ሌላ ነው። ዘበኛው ሰላም ነው፤ የተጨናነቀው ዳሱ ነው። ጥራጥሬ ውስጥ አንጀታችን መፍጨት የማይችለው የስኳር ዓይነት አለ። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ጋዝ ይፈጠራል። ይሄ በመጠን የሚወሰን ነው። ሁለት ጭልፋ የነፋት ሴት በግማሽ ጭልፋ ምንም ላትሆን ትችላለች። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገየዋል። እንግዳ ይገባል፣ የሚወጣ ግን የለም። ማህፀንም እያደገ ቦታ ይሻማል። በዚያ ላይ የአይረን ክኒኑ ሆድ ያደርቃል። አምና ተስማምቷት የነበረ ሽሮ ዘንድሮ ስለነፋት ብቻ አለርጂ ያዛት ማለት አይቻልም።

«ደምሽን ስጪ፣ የማይስማማሽ ምግብ በዝርዝር ይወጣልሻል» የሚል መካሪም አለ። አይጂጂ የሚባለውን፣ ሰውነት ለበላው ምግብ የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ የሚለካ ምርመራ ነው የሚለው። ወዳጄ፣ እሱ የሠርጉ ቤት የእንግዳ መዝገብ ነው። ማን እንደመጣ እንጂ ማን እንደሰረቀ አይነግርህም። ምስር አዘውትራ የበላች ሴት መዝገቧ ላይ ምስር ቢገኝ ምን ይገርማል? የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት ይህን ምርመራ ለዚህ ጉዳይ አትጠቀሙበት የሚሉት ለዚህ ነው። እናቶች ገንዘብ ከፍለው የሚበሉትን ሲያጡ ማየት ያንገበግበኛል።

ሽምብራና ባቄላን ማታ ዘፍዝፊ፣ ጠዋት ውኃውን ድፊና በአዲስ ውኃ ቀቅይ። ከአንድ ትልቅ ማዕድ ይልቅ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ብዪ። አንዱን ምግብ ከጠረጠርሽ እሱን ብቻ ለ2 ሳምንት ያህል ተዪው። ቦታውን በሌላ ጥራጥሬ ተኪ፣ ከዚያ በጥቂቱ መልሰሽ ሞክሪው። ሽፍታ፣ እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ታይቶብሽ ከነበረ ግን ቤት ውስጥ አትሞክሪው፤ ሐኪም ይየው። የአይረን ክኒኑንም ሆነ ምግቡን ከቡና ጋር አታገናኚ፤ ቡና አይረኑ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ሎሚና ቃሪያ ግን ያግዙታል።

ስለ ሽሮ ካነሳሁ አይቀር፣ ሽሮው ከምን እንደተፈጨ ጠይቂ። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ሽባ ያደርጋል። ደንቢያና ፎገራ ይህን መከራ አይተውታል። እሱ አለርጂም የሆድ አለመስማማትም ሳይሆን መርዝ ነው።

ጥራጥሬውን ሁሉ ብትመልሺም ቢ12 የሚባለውን ቫይታሚን ከእሱ አታገኚም። ክኒን ወይም ቢ12 የተጨመረበት ምግብ ያስፈልግሻል። ለቅድመ ወሊድ ክትትል ስትሄጂ «የጾም ነው የምበላው» ብለሽ አትለፊው። አዋላጇ ፋሲካ ሲደርስ እንቁላልና ወተት ትበላለች ብላ ልታስብ ትችላለች። ዓመቱን ሙሉ እንደማትበዪ በግልጽ ንገሪያት፣ የቢ12 መጠኑንም አብራችሁ ወስኑ።