ሬቲና «ተላቀቀ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ዓይኑ ከቦታው የወጣ ይመስለዋል። አይደለም። ሬቲና የዓይንን የኋላ ውስጠኛ ክፍል የሸፈነ፣ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው። ከሥሩ ካለው ግድግዳ ሲለይ ኦክስጅንና ምግብ ያጥረዋል።

ክፋቱ አያምም። ሰውም «ነገ ይለቀኛል» ብሎ ይተኛል። እባካችሁ አትተኙ! ድንገት እንደ ትንኝ የሚንሳፈፉ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ከበዙ፣ ብልጭታ ከታያችሁ፣ ወይም ከጎን እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ከመጣ፣ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። ሬቲናው ገና ተቀዶ ቀዳዳ ብቻ ካበጀ ዙሪያውን በሌዘር ማጣበቅ ይቻላል። ከተላቀቀ ግን ቀዶ ሕክምና ነው። የእይታው ማዕከል ሳይላቀቅ መድረስ ትልቅ ልዩነት አለው።

ሩቅ ለማየት ወፍራም መነጽር የሚያደርግ፣ ዓይኑን የተመታ፣ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ።